የውሰት ሶፋ

«የምን ሶፋ ነው?» አለች ልጅቷ፣ ገና ከደጃፉ ሳታልፍ።

አያቷ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ የስፌት መኪናው ላይ አስተኝተው ፔዳሉን እየረገጡ ነበር። እግራቸው ቀጥ አለ። መርፌው ጨርቁን እንደ ወጋ ቀረ።

«ምናልባት...» ብለው ጀመሩ።

«ምናልባት አትበዪኝ! የምን ሶፋ ነው?»

ሰፈሩ እኚህን ሴት «እማማ ምናልባት» ነው የሚላቸው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ፤ ቢዘንብስ? ልጅቷ አንዴ ከሳለች፣ ሳንባዋ ቢሆንስ? በር ቆልፈው ከሄዱ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው እጀታውን ካልነቀነቁ እግራቸው አይራመድም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተው እንጂ እሳቸው ኖረውበታል። በሕይወታቸው ሳይጠረጥሩ ያለፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሴት ልጃቸው፣ የዚህች ልጅ እናት፣ «ራሴን አመመኝ፣ ጋደም ልበል» ያለች ዕለት። ጋደም እንዳለች ቀረች። ከዚያ ወዲህ ያልጠረጠሩት ነገር የለም።

ልጅቷ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው። ቤቱ አንዲት ክፍል ነው። አልጋ፣ የስፌት መኪና፣ ሁለት ዱካ፣ መሐሉ የጎበጠ አግዳሚ ወንበር፣ ከጣሪያው ለሚያፈሰው የተቀመጠ ሳፋ፣ ጓዳውን የሚለይ መጋረጃ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለውን አያቲቱ «ሳሎን» ይሉታል።

«ከድጋፍ ቢሮ ነው የመጣሁት» አለች። «የተፈቀደላቸው ስም ተለጥፏል፤ የእኔ የለም። ባለ መነጽሯን ሴትዮ ጠየቅኋት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ቤታችሁ መጥቼ አይቻለሁ። ገና ፕላስቲኩ ያልተነሣለት ሶፋ ገዝታችኋል፤ ግድግዳውን የሚያህል ቴሌቪዥን አላችሁ፤ አያትሽም ምንም አልጎደለብንም ብለውኛል።› እኔ እንደ ጅል፣ ‹ቤት ተሳስተው ነው፣ እኛ ሶፋ የለንም› እላለሁ። ተሰልፎ የነበረው ሁሉ ሳቀብኝ።»

እማማ ምናልባት ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ። ገና መቆረጥ ያልነበረበት ክር ነበር።

ልጅቷ መድኃኒት ቅመማ ልትማር ኮሌጅ ተቀብሏታል። ክፍያው ግን ኮሌታ በመስፋት የሚደረስበት አይደለም። በጋ ሳለ ባለ መነጽሯ ወላጆችን አዳራሽ ሰብስባ መክፈያው አራት መንገድ አለው ብላ አስረድታ ነበር። አንደኛው፣ በውጤት የሚገኝ ነጻ የትምህርት ዕድል፤ እሱ ልጅቷን ለጥቂት አምልጧታል። ሁለተኛው፣ የማይመለስ ድጋፍ፤ ቤቱ ታይቶ፣ አቅም የለውም ለተባለ ተማሪ ኮሌጁ የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል። ሦስተኛው፣ እየሠሩ መማር፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም ወጥ ቤት እየሠሩ የምግብና የመኝታን ወጪ መቻል። አራተኛው ብድር፤ ተምረው ሥራ ሲይዙ የሚመለስ፣ ወለድ ያለው፣ ዋስ የሚፈልግ። «ሁለቱን ሦስቱን ማጣመር ይቻላል» ብላ ነበር ሴትዮዋ። «ብድርን ግን መጨረሻ ላይ አስቡት። የማይመለሰውን ሳትሞክሩ ወደሚመለሰው አትሩጡ።»

እማማ ምናልባት ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው በጥሞና ሰምተዋል። ያመኑት ግን አንዱንም አልነበረም። በተለይ «የማይመለስ» የሚለው ነው ወገባቸውን የቆረጠው። ባለሱቅ እንኳ ዱቤ የሚሰጠው ደህና ለለበሰ፣ ጫማው ለተወለወለ ሰው ነው። እሳቸው ይህን በደንብ ያውቁታል። የቸገራቸው ዕለት ነው ምርጥ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሱቅ የሚሄዱት። ታዲያ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት፣ ያውም የማይመለስ ገንዘብ፣ ማን ሞኝ ይሰጣል? ደግሞስ የሰው ፊት ቀርቦ «አጣሁ፣ ነጣሁ» ማለት ምን ይሉታል? ገመና የሚሸፈነው ለምንድን ነው?

እናም ሴትዮዋ ለጉብኝት ቀን ስትቆርጥ፣ ለወንድ ልጃቸው ደወሉ። እሱ ጎማ ነጋዴ ነው፤ ባለ ፎቅ ቤት አለው። በወር አንዴ ብቅ ብሎ ስኳርና ሳሙና አስቀምጦ፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። የዚያን ዕለት ግን ያለ ወትሮው ፈጠነ። የናጠጠ ነጋዴ እናት በዱካ ትቀመጣለች ተብሎ ኮሌጅ ድረስ እንዲወራበት አልፈለገም። በዕቃ መጫኛው ሶፋና ቴሌቪዥን ልኮ፣ በስልክ የሚስቱን ትእዛዝ አስተላለፈ፤ «ፕላስቲኩ እንዳይነሣ ብላለች። ማታ መልሼ እወስዳለሁ።» እማማ ምናልባት የስፌት መኪናቸውን መጋረጃ ጀርባ ገፍተው አንሶላ አለበሱት። ልጅቷ ቤት አልነበረችም፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ልትጠይቅ ኮሌጅ ሄዳ ነበር። ጠዋት ስትወጣ «እውነቱን ብቻ ንገሪያት፣ እማዬ» ብላቸዋለች። እሳቸውም «ምን ሌላ እላለሁ?» ብለዋል።

ባለ መነጽሯ መጣች፤ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ፕላስቲኩ ተንጫጫ።

«በምን ትተዳደራላችሁ፣ እማማ?»

«ልጄ አለልኝ፤ ጎማ ነጋዴ ነው፣ የታወቀ» አሉ፣ ቀና ብለው። «ተመስገን ነው፤ ምን ጎደለብን!»

ሴትዮዋ ጻፈች። እሳቸውም ስትጽፍ አይተው ደስ አላቸው፤ ወደደችን ማለት ነው ብለው።

አሁን ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ዋሸሽ» አለች።

«አልዋሸሁም! እንግዳ መጣብኝ፣ ተቀበልኩ። በቤቴ እንግዳ ተቀበልኩ ተብሎ...»

«ገመናሽን ስትሸፍኚ እኔን ቀበርሽኝ። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል። አየሽ፣ የእኔ ጠላት ድህነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንቺ ነሽ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ቃል የሚባል ጠፋ። ልጅቷ «ጨው የት ነው?» ለማለት እንኳ አፏን አትከፍትም፤ ራሷ ትፈልጋለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። እማማ ምናልባት በበኩላቸው ይነጫነጫሉ፤ ለመኪናው፣ ለመርፌው፣ ለሳፋው። «እኔ ያላሳደግኋት ይመስል! እናቷስ እንዲህ ተናግራኝ ታውቃለች?» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ «ሳትበላ ወጣች፤ ጨጓራዋን ቢልጠውስ?» ብለው ምሳ ቋጥረው እስከ መንገድ ይሮጣሉ። ልጅቷ ምሳውን ትቀበላለች፤ ቀና ብላ ግን አታያቸውም።

በመጨረሻ ጃንጥላቸውን ይዘው ድጋፍ ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ፋይሎች ግድግዳ ተደግፈው ተቆልለዋል፤ ከጠረጴዛው ወዲህ አንድ እግሩ የሚወላገድ ወንበር አለ። ባለ መነጽሯ ተቀመጡ አላለችም።

«ሶፋው የኔ አይደለም፤ የውሰት ነው» አሉ እማማ ምናልባት፣ ባንድ ትንፋሽ። «ቴሌቪዥኑም። ልጄም አይረዳኝም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ያን ዕለት ነው እውነት የተናገሩት ወይስ ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ያን ዕለትም እንዲሁ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የነገሩኝ። እማማ፣ እዚህ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። ድሃ መስሎ የሚመጣ ሞልቷል፤ የተቀደደ ጫማ ተውሶ የሚመጣ አለ። ሀብታም መስሎ ድጋፍ የጠየቀኝ ግን እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«እና ባዶ ቤት ላሳይሽ ነበር? ለማላውቅሽ ሰው?»

«አዎ! አዳራሽ ሰብስቤ የለፈለፍኩት ሌላ ምን ነበር?» ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም፤ በሩ ላይ የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ። «ቅሬታ ማቅረብ መብትዎ ነው። ግን በእርስዎ ቃል ብቻ አልቀይረውም። የሶፋው ባለቤት ይምጣ፤ የኔ ነው ይበል። እናቱን መርዳት አለመርዳቱን በቃሉ ይናገርና ይፈርም። ከዚያ ቤቱን ሳልናገር መጥቼ አየዋለሁ። እስከ ዓርብ ካልሆነ ቦታውን ለተጠባባቂ እሰጣለሁ።»

«ልጄ ‹እናቴን አልረዳም› ብሎ ይፈርም ነው የምትዪው?»

«ካልረዳዎት።»

እማማ ምናልባት ደማቸው ፈላ። «አንቺ ልጅ፣ እናት የለሽም?»

«አለችኝ» አለች ሴትዮዋ፣ መነጽሯን መልሳ እያደረገች። «እረዳታለሁ። ቀጣይ!»

ከቢሮው ሲወጡ ጃንጥላውን እንደ ረሱት ትዝ ያላቸው መንገዱን ካጋመሱ በኋላ ነው። ሳይመለሱ ሄዱ። ይህን ያደረጉበት ጊዜ ትዝ አይላቸውም።

የጎማ ሱቁ ከሩቅ ይሸታል። ጎማ ደጃፉ ላይ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ ውስጥ አንድ ሹፌር የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋለት እየጠበቀ ነው። ልጃቸው ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ አያቸው፤ ፊቱ አልተፈታም።

«ምነው እማዬ፣ ሥራ ሰዓት ላይ?»

ነገሩን በጆሮው ነገሩት። እየሰማ ጥፍሩን ሲያጸዳ ቆየና ሳቀ፤ ሳቁ ደረቅ ነበር።

«ስሜን በገዛ እጄ ላጥፋልሽ? አብደሻል? ስሚኝ፤ ድጋፍ ምናምን ተዪው። ለብድሩ እኔ ዋስ ልሁናት። ግን በአንድ ነገር። መድኃኒት ቅመማ የምትለውን ትተው፤ ሂሳብ አያያዝ በማታ ትማር። ቀን ቀን እዚህ ገንዘብ ትቀበልልኛለች። ደሞዟን ለብድሩ እቆርጠዋለሁ። ቤተሰብ ማለት ይኼ ነው።»

«በገዛ ላቧ ለምትከፍለው ነው አንተ ዋስ የምትሆናት?»

«ሌላ ማን አላት? እህቴ ብትኖር እሷም እሺ ትል ነበር።»

«የሟችን አፍ አትዋስ!» አሉ። «እኔ ሶፋ ተውሼ ምን እንዳገኘኝ አይተሃል።»

ሹፌሩ ሳያስበው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ነጋዴው ዞር ብሎ ገላመጠው፤ ከዚያ ወደ እናቱ ጠጋ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሂጂ አሁን። ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አላቸው።

እማማ ምናልባት ወደ በሩ አመሩ። እጃቸው በሩ ላይ ሲደርስ የልጅቷ ጀርባ ታያቸው፤ ወደ ግድግዳ የዞረው። ዕድሜ ልካቸውን «ሰው ምን ይላል» ሲሉ ኖረዋል። ሰው ምን አለ? ሰው ሳቀ፤ ልጅቷ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀረች። ተመለሱና ከበሩ አጠገብ ካለው ጎማ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ጎማው ሚዛን እንዳይስት፣ ይወድቃሉ» አላቸው ሹፌሩ።

«ልውደቅ! የወደቅሁት ዛሬ መሰለህ?» ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። «ይኼ ጌታ የምታየው ልጄ ነው። ከዚህ ማኅፀን ነው የወጣ። እኔ ከሱቁ በታች፣ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት፣ የሰው ኮሌታ እየሰፋሁ እኖራለሁ። ሰው እንዳያውቅበት ሶፋ አዋሰኝ፤ ለአንድ ቀን፣ ያውም በፕላስቲክ! አቧራ ቢነካው ለሚስቱ ምን ብሎ ይመልሳል? በሶፋው ምክንያት የእህቱ ልጅ ትምህርት ተከለከለች። የኔ ነው ብለህ ተናገርልኝ ብለው፣ ስሜ ይጠፋል አለኝ። ይኸው፣ አጠፋሁት! ሌላ የሚጠፋ ካለህ አምጣው!»

«ዝም በይ!» አለ ልጃቸው። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። መንገደኛው ቆሟል፤ ከማዶ ያለው ባለሱቅ ሚዛኑን ትቶ ብቅ ብሏል። ቀጣሪ የሌለው ሥራ ፈት ሁሉ ተሰብስቧል።

«ወንድሜ፣ እናት እኮ ናቸው» አለ ሹፌሩ፣ አሁን ሳይስቅ።

«አንተ ጎማህን ጠብቅ!»

«ሌላ ሱቅ እጠብቃለሁ» አለና ሹፌሩ ሊወጣ ተነሣ።

ነጋዴው ከመደርደሪያው የብሎን መፍቻ አንሥቶ መሬት ላይ ወረወረው። መኪናውን አስነሣ። በሩን ከፍቶ ቆመ፤ እማማ ምናልባትም ገቡ። እስከ ቢሮው ድረስ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ እያየ ሄዱ።

ባለ መነጽሯ ፊት ቆሞ እንደ ተከሳሽ ተናገረ። «ሶፋው የኔ ነው። ቴሌቪዥኑም የኔ ነው። በወር ስኳርና ሳሙና እወስድላታለሁ። ሌላ የለም።»

«የቤት ኪራይ?»

«የለም።»

«የልጅቱ ትምህርት ቤት፣ እስከ ዛሬ?»

«የለም አልኩ!» እስክሪብቶውን ከእጇ ነጥቆ ፈረመ።

በር ላይ ሲደርሱ ወደ እናቱ ዞረ። «ስኳሩም ቀረ» አላቸው። «እናት ያለኝ መስሎኝ ነበር። ጠላት ነው ያለኝ።» መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። እሳቸው የረሱትን ጃንጥላ ከጥበቃው ተቀብለው፣ በእግራቸው ተመለሱ። አልዘነበም፤ እሳቸው ግን ዘረጉት። ከሥሩ ሲያለቅሱ ማንም አላየም።

ባለ መነጽሯ እንዳለችው ሳትናገር መጣች። ልጅቷ ደጅ ልብስ እያሰጣች ሳለ ሴትዮዋን አየቻትና ተከትላት ገባች። መኪናው መሐል ቤት ነው፤ ወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለብሷል፤ የሌሊቱ ዝናብ ገና ከጣሪያው ሳፋው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እማማ ምናልባት ቀና ብለው ሲያዩዋት ልማድ ክፉ ነው፣ እጃቸው መጋረጃውን ሊስብ ተዘረጋ። የልጅቷን ዓይን አዩ። እጃቸውን መለሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ የሰው እጅ ይመስል ከበዳቸው።

«ተቀመጪ» አሉ። «ያለን ይኼ ነው።»

ሴትዮዋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጣሪያውን አየች፤ የተከመረውን ኮሌታ አየች። «ይኼ መኪና ያኔ የት ነበር?»

«መጋረጃ ጀርባ። አንሶላ አልብሼው።»

«እሱን ባየው ኖሮ ጉዳዩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር» አለች። አላዘነችላቸውም፤ የተናደደች ትመስል ነበር። «የሚያኮራዎትን ደብቀው የእርስዎ ያልሆነውን አሳዩኝ። ሰውን ሁሉ በከንቱ አደከሙ!» ጻፈችና ተነሣች። እማማ ምናልባት የአሁኑን ጽሕፈት ሲያዩ ጨርሶ ደስ አላላቸውም፤ ሲጽፉልን እኮ ነው የወደቅነው እያሉ።

ዓርብ ጠዋት ስሟ ተለጠፈ። የትምህርቱ ክፍያ በድጋፉ ተሸፈነ፤ ለምግብና ለመኝታው ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ልትሠራ ተቀበሏት። ብድር የሚባል ደጅ አልረገጡም። ከስሟ ሥር ግን «በየዓመቱ እንደገና ይታያል» የሚል ነበረበት።

«ምናልባት ከርሞ ቢከለክሉሽስ?» አሉ እማማ ምናልባት፣ የዚያኑ ቀን።

«ከርሞ ሴትዮዋ ስትመጣ ሶፋ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳላይ» አለች ልጅቷ። ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ ያወጣችው የመጀመሪያው ረጅም ቃል ይህ ነበር። ይቅርታ አላለችም፤ እሳቸውም አላሉም። ግን ለመንገድ የሠሩላትን ሹራብ ለካችው፤ እጅጌው ረዘም ብሏል። «ብርድ ቢሆንስ ብዬ ነው» አሉ። አላወለቀችውም።

ኮሌጅ የምትገባ ዕለት አውቶቡሱ በጎማ ሱቁ በኩል አለፈ። እማማ ምናልባት ሻንጣውን በጉልበታቸው ይዘው መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ደጅ ቆሞ ነበር። አውቶቡሱ መብራት ይዞት ሲቆም ቀና አለ፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እማማ ምናልባት እጃቸውን ከፍ አደረጉ። እሱ ጀርባውን ሰጠና የተደረደሩ ጎማዎችን መቁጠር ጀመረ።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ምናልባት አላየን ይሆናል» አሉ።

«አይቶናል፣ እማዬ» አለች ልጅቷ።

«አውቃለሁ» አሉ፤ ሻንጣው እንዳይወድቅባት ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።